ለክቡር የባጃጅ ክላክስ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ በእግር ለመሄድ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

በከተማችን ካሉ ባለሥልጣናት ሁሉ እንደ እርስዎ ለሕዝብ ጆሮ የቀረበ የለም። ሌሎቹን ለማግኘት ቀጠሮ ይያዛል፤ እርስዎ ግን ሳይጠሩ ይመጣሉ። ስለዚህ አቤቱታዬን ያለ አማላጅ በቀጥታ አቀርባለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ያለ አንዳች ጉዳይ ከቤቴ ወጣሁ። የባሕር ዳርቻ ከተማ ያላቸው ሰዎች ይህን ያደርጉታል፤ በማለዳ ይወጣሉ፣ በውኃው ጠርዝ እየተንሸራሸሩ፣ ሲደክማቸው አረፍ እያሉ ያመሻሉ። የእኛ ባሕር ጅቡቲ ነው፤ 1,200 ሜትር ያህል ቁልቁል። ከባሕሩ በቀር ግን ለሽርሽር የሚሆን ሁሉ አለን። ባቡሩ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም ከሐዲዱ ጋር ተወለደች። ፈረንሳዮቹ የከዚራን ሰፈር መንገዶች ቀጥ አድርገው ቀየሱ፣ ዳርና ዳሩም በዛፍ ጥላ ተሸፈነ። ያን ሁሉ ጥላ የተከሉ ሰዎች እግረኛ ያልፍበታል ብለው ሳይሆን አይቀርም። እርስዎ እንደሚመጡ የነገራቸው አልነበረም።

ፈጢራዬን በማር በልቼ ሻይ ያዘዝኩት ገና በጠዋቱ ነው። «ያለ ስኳር» ስል «ያለ»ውን እርስዎ ዋጡት። ጣፋጩን ሻይ ጠጥቼ ከለገሃር በከዚራ ጥላ ሥር ጉዞ ጀመርኩ።

ቋንቋዎን ከሞላ ጎደል እረዳለሁ። አጭሯ «ትገባለህ?» ናት። ሁለት ተከታታይ ሲሆን «እንደምትገባ አውቃለሁ» ነው። ረጅሙ፣ ከፊትዎ ያለውን ሰው ዘር ማንዘር የሚያነሳ ነው። ሞልተው ሲያልፉም የሚጮኹት ደግሞ፣ እንደሚመስለኝ፣ «ቦታ የለኝም፤ በከንቱ አትመኝ» ለማለት ነው። ያልለመኑትን መከልከል የእርስዎ ብቻ ችሎታ ነው።

ባለቤትዎ አንድ ጊዜ ቆሞ አነጋገረኝ።

«አቦ ግባ!»

«አይ፣ በእግሬ ነው።»

«የት ድረስ?»

«የትም።»

ሞተሩን አጠፋ። ከጫማዬ ጀምሮ ተመለከተኝ። «ገንዘብ አጥተህ ከሆነ ግባ፤ በነፃ አደርስሃለሁ።»

«የት ነው የምታደርሰኝ?»

«የትም አላልክም እንዴ?»

ወደ የትም በነፃ ሊወስደኝ ተዘጋጅቶ ነበር። እምቢ ስለው የምር አዘነ፤ «አሞሃል?» ሲልም ጠየቀኝ። በእሱ ቅር አይለኝም፤ የድሬ ልጅ ቸርነት ነው። ጉዳዬ ከእርስዎ ጋር ነው። ደኅና ሰው ዝም ብሎ የሚሄድበት ጊዜ እንዳለ ያላስረዱት እርስዎ ነዎት።

ከወንዙ ማዶ ወዳለው መጋላ ሰፈር ለመሻገር የደቻቱን ድልድይ ያዝኩ። ደቻቱ በበጋ ወንዝነቱን ትቶ አሸዋ ብቻ ይሆናል፤ የባሕር ዳርቻ ማለት ነው፣ ባሕሩ ብቻ የቀረበት። (በዚህ ወንዝ አብዝቶ መቀለድ አልወድም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ጩኸት የሚያስፈልገው እንደዚያ ላለ ሌሊት ነበር።) እዚያ ቆሜ ቁልቁል ስመለከት ከኋላዬ ደረሱ። ቆሞ የሚያይ ሰው ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ይህ በሕግዎ አንቀጽ አንድ ሳይሆን አይቀርም። ስሄድ ደክሞኛል ብለው ይጮኻሉ፤ ስቆም ጠበቅኩዎት ብለው ይጮኻሉ። ተቀምጬ አልሞከርኩም።

ቀፊራ ገበያ አጠገብ ጭነት የተሸከመች ግመል በሰው መካከል አለፈች። ከእርስዎ ባጃጅ ትረዝማለች። ትንፍሽ አላለችም፤ ሰዉም ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። እርስዎ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሲጮኹ ቆይተው አንዲት የቲማቲም ቅርጫት እንኳን ማስነሳት አልቻሉም። ሻጯ ቀና ብላም አላየችዎት።

ፍትሕ ለማጓደል አልፈልግም፤ እርስዎም የሚያርፉበት ሰዓት አለዎት። ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ከተማው ለምሳና ለበርጫ ይሰበሰባል፣ እርስዎም ዝም ይላሉ። በዚያ ሰዓት ከዚራ ባዶዋን ናት። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ አለች። ተራ የገባችሁ ይመስለኛል፤ እርስዎ ሲያርፉ እርሷ ትረከባለች፣ እርሷ ስትበርድ እርስዎ ይመለሳሉ፤ እግረኛው ያለ ጠባቂ የሚውልበት ጊዜ የለም።

ድሬ ጩኸት ጠልታ አታውቅም፤ ያደገችው በባቡር ፉጨት ነው። ባቡሩ ግን ሲጮኽ አንድም መጣሁ፣ አንድም ሄድኩ ማለቱ ነበር፤ የሚቀበልም የሚሸኝም ይነሳ ነበር። የእርስዎን ሰምቶ ከበርጫው የተነሳ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ፣ ከለገሃር እስከ ድልድዩ ድረስ እንደ እግረኛ እንድቆጠር ይፈቀድልኝ። መለያ ካስፈለገ «ይህ ሰው የሚሄድበት የለውም» የሚል ጽሑፍ ደረቴ ላይ ለማንጠልጠል ዝግጁ ነኝ። ውሳኔዎን በአጭሯ ድምፅ ካሳወቁኝ ይበቃኛል፤ ግን እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የከዚራ እግረኛ

ግልባጭ፦
ለቀትር ፀሐይ፣ ተረኛ ስለሆነች እንድታውቀው