ዋንጫ ለፋይሉ ይገባዋል

«የተማሪዎችን መማር ላሻሻሉ የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሞች» የሚሰጠውን ሽልማት የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ። ምቀኞች ናቸው። እኔ በበኩሌ ሥነ ሥርዓቱን እወደዋለሁ። ባነሩ፣ ጭብጨባው፣ ሰባት ሰው የአንዲት ምስክር ወረቀት ጫፍ ጫፏን ይዞ የሚነሳው ፎቶ፣ «ይህ ሽልማት የእኔ ብቻ አይደለም» የሚለው ንግግር፣ ሁሉም ደስ ይላል። ተማሪ ብቻ የለም። ቢመጣስ የት ይቀመጣል? የፊት ወንበሮች ለክብር እንግዶች ተይዘዋል።

ደግሞ የተሸለመው እኮ ተማሪው አይደለም፤ ለሽልማቱ የገባው የማመልከቻ ፋይል ነው። ፋይል ማዘጋጀት በቀላሉ የሚናቅ ጥበብ እንዳይመስላችሁ። የማመልከቻው ቀነ ገደብ ሲቃረብ፣ ዓመቱን ሙሉ ማንም ትዝ ብሎት የማያውቅ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሦስት ተማሪና አንድ የደከመው ረዳት መምህር የሚገናኙበት ቲቶሪያል ድንገት ነፍስ ይዘራል። ስምም ይወጣለታል፦ «ተማሪ ተኮር፣ ቴክኖሎጂ መር፣ ሁሉን አቀፍ የመማር ማጎልበቻ ማዕቀፍ»። ተማሪዎቹ አሁንም ሦስት ናቸው። ግን ማዕቀፍ ውስጥ ናቸው።

ቀጥሎ ቁጥር ይገባል። ስንት ዎርክሾፕ ተካሄደ፣ ስንት መምህር ሠለጠነ፣ ስንት ሰው «በጣም ረክቻለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥልጠና በአራት ደረጃ ይመዘን ሲል ነበር፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ የተማረውን ሥራ ላይ አዋለው ወይ፣ በመጨረሻስ ምን ውጤት መጣ። የሽልማት ኮሚቴዎች የመጀመሪያዋን ደረጃ ወጡና እዚያው ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። አይፈረድባቸውም። የቀሩት ሦስቱ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ዋንጫው ደግሞ ታዟል፣ ቀኑም ተቀርጾበታል።

እርካታ ጥሩ መለኪያ አይደለም የሚል ካለ የዶክተር ፎክስን ታሪክ ይስማ። በ1970 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይህ የተከበረ ምሁር በሕክምና ትምህርት ዙሪያ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ንግግር አደረገ፤ ርዕሱ የሒሳብ ጌም ቲዎሪ (ተፎካካሪዎች እንዴት እንደሚወስኑ የሚያጠናው ዘርፍ) ለሐኪሞች ትምህርት ስለሚሰጠው ጥቅም ነበር። ሰውየው ተዋናይ ነው። ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ነገር የለም። ንግግሩ ሆን ተብሎ እርስ በርሱ በሚጣረስ ሐሳብ፣ በፈጠራ ቃላትና ከርዕሱ ጋር በማይገናኝ ቀልድ የታጨቀ ነበር። ታዳሚዎቹ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ያሉበት ማለት ነው፣ መጠይቁ ሲታደላቸው ጥሩ ጥሩውን ሞሉለት። ጥናቱ በ1973 ታተመ። ያን ጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዴት ዋንጫ ሳይሰጠው ቀረ?

ከዚህም የሚብስ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የሃርቫርድ ጥናት የፊዚክስ ተማሪዎችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ጥሩ ተናጋሪ መምህር ሲያብራራላቸው ቁጭ ብለው አዳመጡ። ግማሾቹ ጥያቄው ተሰጥቷቸው በቡድን ሆነው ራሳቸው ታገሉ። የታገሉት በፈተናው የበለጠ ተምረው ተገኙ፤ ሲጠየቁ ግን የተማርነው ያነሰ ነው ብለው መለሱ። መማር ያደክማል፣ የደከመ ሰው ደግሞ መጠይቅ ላይ አይረካም። ብልህ አስተባባሪ ከዚህ የሚወስደው ነገር ግልጽ ነው። ተማሪው እንዳይደክም አድርግ፣ ስላይዱን አሳምር፣ መጠይቁን ደግሞ ከፈተናው በፊት በትን።

«በፕሮግራሙ የተሳተፉ ተማሪዎች ካልተሳተፉት የተሻለ ውጤት አመጡ» የምትለው ዓረፍተ ነገር የማትገኝበት ማመልከቻ ያለ አይመስለኝም። የተሳተፈው ማን ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁ፣ ነውር ነው። ቅዳሜ ጠዋት አልጋውን ትቶ ለተጨማሪ ትምህርት የሚመጣው ልጅ ያው ማንም ባያስተምረው ራሱ አንብቦ የሚያልፈው ነው። የሚወድቀውማ ተኝቷል። ፕሮግራሙ ጎበዙን ልጅ በር ላይ ተቀብሎ፣ አቴንዳንስ አስፈርሞ፣ በሌላኛው በር ጎበዝ አድርጎ ያስወጣዋል። ተአምር ይሉሃል ይህ ነው።

የወዳቂው ቁጥር በግማሽ ሲቀንስም እንደዚሁ ነው። ፈተናውን ማን አወጣው? ለሽልማት የቀረበው የትምህርት ክፍል። ማን አረመው? እሱው። ከፈተናው በፊት በነበረው ክለሳ ላይ የተሠራው ጥያቄ ቁጥሯ ብቻ ተቀይራ ፈተናው ላይ ብትመጣ ምን ይገርማል፣ ይህም የመማር ማስተማሩ ትስስር ተብሎ በፋይሉ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። ሌላው ዶናልድ፣ ካምቤል የሚባለው፣ አንድ አሃዝ ለውሳኔ መሠረት በሆነ መጠን አሃዙ ራሱ እየተበላሸ ይሄዳል ብሎ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። ጨለምተኛ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

እንግሊዞችማ ነገሩን አሳምረው አሳደጉት። በ2017 እ.ኤ.አ. ለዩኒቨርሲቲዎች ማስተማር ወርቅ፣ ብርና ነሐስ አደሉ፤ ለዚህ ሲባል አንድም ገምጋሚ የመማሪያ ክፍል ገብቶ መቀመጥ አላስፈለገውም። የተማሪ እርካታ፣ ስንቱ አቋረጠ፣ ከምረቃ በኋላ ስንቱ ሥራ ያዘ፣ በዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲው ስለ ራሱ የጻፈው ሰነድ። ስለ ራሱ ክፉ የሚጽፍ ደግሞ የለም።

እርግጥ ነገር የሚያበላሹ ሰዎች አይጠፉም። ሪቻርድ ሄክ የሚባል የፊዚክስ ሰው በ1998 እ.ኤ.አ. ከ6,000 በላይ ተማሪዎችን ውጤት ከ62 ኮርሶች ሰብስቦ አሳተመ። ያየው ተማሪው ኮርሱን ሲጀምርና ሲጨርስ ስለ ኒውተን ሕጎች ያለው ግንዛቤ ምን ያህል እንደተለወጠ ነው። በተለመደው ሌክቸር የተማሩት ማሻሻል ይችሉ ከነበረው በአማካይ አንድ አራተኛ እንኳ አልሞሉም፤ በክፍል ውስጥ እየተወያዩና እየሠሩ የተማሩት ግን ወደ ግማሽ ተጠጉ። ይኼው ነው። መጀመሪያ ለካ፣ መጨረሻ ለካ፣ ልዩነቱን ከሌላው ጋር አስተያየ። ባነር የለ፣ ፎቶ የለ። እንዲህ ያለ ሰው ዳኛ ቢሆን ግማሹ አመልካች «ቅድመ ፈተና አልሰጠንም» ብሎ ይመለስ ነበር፣ አዳራሹም ተከራይቶ ባዶውን ያድር ነበር። ማስረጃ በርትተው የሚጠይቁ ሽልማቶች አሉ፤ ዝናቸው ግን እንደ ማመልከቻቸው ቁጥር አነስ ያለ ነው።

ከሁሉም ከሁሉም ልቤን የሚያሞቀው ከዋንጫው በኋላ የሚሆነው ነው። ድጋፉ ያበቃል፣ ረዳት መምህሩ ሌላ ሥራ ያገኛል፣ ሐሙስ ከሰዓት ክፍሉ ይቆለፋል። ማዕቀፉ ግን ድረ ገጹ ላይ ከነፎቶው ሕያው ነው። ተሸላሚው አስተባባሪም ይከበራል። በማስተማር እንዲህ የተካነ ሰው ጊዜውን በማስተማር ማባከን የለበትም ተብሎ የክፍለ ጊዜ ጫናው ይቀነስለታል፣ ቢሮ ይሰጠዋል፣ ሌሎች እንዴት ተሸላሚ ፕሮግራም እንደሚቀርጹ ዎርክሾፕ ይሰጣል። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹ ለአዲስ ጀማሪ መምህር ይተላለፋሉ። ጀማሪው ገና ሽልማት የለውምና ማስተማር ይችላል።