የጡንቻ ፓወር ከየት ነው የሚመጣው? (የአራት ኪሎ ክርክር)

ጥያቄው እንስሳ ሲሮጥ ወይ ሲዘል የጡንቻውን ፓወር የሚወስነው ምንድነው የሚል ነው። ዮናስ ራሱ ጡንቻው ይላል፣ ሜሮን ጡንቻው የሚታዘዝበት ሰዓትና ጅማቱ (ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው) ትላለች።

ዮናስ፦ ፓወር ማለት ኃይል ሲባዛ በፍጥነት ነው፣ በቃ። የፊዚዮሎጂ ተመራማሪው ሂል በ1938 በእንቁራሪት ጡንቻ ያሳየው ይሄንኑ ነው፣ ጡንቻ በፍጥነት ባጠረ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። ግድግዳ ብትገፊ ኃይል አለ ፍጥነት ግን የለም፣ ፓወሩ ዜሮ። ከፍተኛው ፓወር የሚገኘው ከትልቁ ፍጥነት 1/3 አካባቢ ላይ ነው። ስለዚህ ወሳኙ የፋይበሩ (ጡንቻው የተሠራበት ክር) ዓይነት፣ የጡንቻው ብዛትና ሙቀቱ ነው። እንሽላሊት ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ እንዴት እንደሚንቀራፈፍ አላየሽም?

ሜሮን፦ ዮኒዬ የሂል ጡንቻ እኮ አንዴ አጥሮ ያበቃል፣ የሚሮጥ እንስሳ ጡንቻ ግን ያጥራል ይረዝማል እንደገና ያጥራል። ጆሴፍሰን የሚባል ተመራማሪ በ1985 የነፍሳት ጡንቻ እንደዛ እያመላለሰ ለካው፣ እና ከነርቭ ትዕዛዙ የሚመጣበት ሰዓት ሁሉን ነገር ይቀይረዋል። ሲያጥር ከታዘዘ ሥራ ይሠራል፣ ሲረዝም ከታዘዘ ፍሬን ይሆናል። ያው ጡንቻ ያው ፋይበር! ቶሎ ካልላላ ደግሞ ለሚቀጥለው ዙር ሲረዝም ራሱ ይቃወማል፣ ለዚህ ነው እርምጃው በጣም ሲፈጥን ፓወሩ የሚወርደው።

ዮናስ፦ ቶሎ መላላትስ የማን ባሕርይ ሆነና? ጡንቻው እንዲያጥር የሚያደርገውን ካልሲየም ቶሎ ሰብስቦ የሚመልሰው ፋይበሩ ነው፣ ለኔ እየተከራከርሽልኝ ነው።

ሜሮን፦ እሺ ጅማቱንስ ምን ልትለው ነው? በ1997 ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሲሮጡ ባታቸው ላይ ሲለካ ሜዳ ላይ እግሩ መሬት ሲረግጥ ጡንቻው ብዙም አያጥርም፣ ኃይል ይይዛል እንጂ፣ የሚለጠጠውና የሚመለሰው ጅማቱ ነው።

ዮናስ፦ የዛኑ ጥናት ሌላ ግማሽ ለምን ተውሽው፣ ዳገት ላይ ያው ጡንቻ አጥሮ ሥራውን ራሱ ይሠራል። ጠዋት መስቀል አደባባይ ሂጂና እዪ፣ ታች አስፋልቱ ላይ የሚሮጠው ሰው ጅማቱ ብዙ ይረዳዋል፣ ደረጃውን ሽቅብ የሚወጣው ግን በየእርከኑ ክብደቱን ማንሳት አለበት፣ ያንን ኢነርጂ ጅማት ከየትም አያመጣውም፣ ታፋውን ይዞ የሚያለከልከው ለዛ ነው።

ሜሮን፦ ኢነርጂ ከጡንቻ ነው፣ ማን ካደ። ጥያቄው ግን ፓወር ነው፣ ፓወር ውስጥ ደግሞ ጊዜ አለ። ቁንጫ ለመዝለል የምትገፋው አንድ ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው፣ የትኛውም ጡንቻ በዛች ቅጽበት ያን ያህል ማውጣት አይችልም። ጡንቻዋ ቀስ ብሎ ያጠራቅማል፣ በአንዴ የሚለቀው ግን እንደ ስፕሪንግ የሚለጠጥ ሌላ የሰውነቷ ክፍል ነው። እስቲ በፋይበር ዓይነት ብቻ ቁንጫን አስዘልልኝ።

ዮናስ፦ ቁንጫን ውሰጃት። ሽቅብ የሚወጣውን አልሰጥሽም።