ላይ ቤት ለምትኖሩ የደሴ ጎረቤቶቼ

እናንተ የደሴ ሰዎች፣ በተለይ ከጦሳ ግርጌ ዳገቱን ይዛችሁ የምትኖሩ ጎረቤቶቼ! የምናገረው ቢመራችሁም እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሰፈራችን በዛፉ የታወቀ ነው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ሽቅብ ወጥቶ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ «እናንተማ ጫካ ውስጥ ነው የምትኖሩት» ይለናል፤ እኛም ደስ ይለናል። በየግቢው ወይራው፣ ጽዱ፣ ኮሶው፣ ኮኩ ነበር። ይህ ሁሉ ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም። ባሕር ዛፉ እንኳ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ሰው በእጁ የተከለው ነው። የግቢያችንን ዛፍ ደግሞ አያቶቻችን በእንስራ ውሃ ተሸክመው አጠጥተው ነው ያሳደጉልን።

የተራቆተ ጋራ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ወሎ አስተማሪ አያሻውም። 1966ን ያዩ አዛውንት በመካከላችን አሉ፤ 1977ን ያየንማ ብዙ ነን። ገበሬው በምግብ ለሥራ ስንዴና ዘይት እየተሰፈረለት ጋራውን እርከን ሠራለት፣ ችግኝ አለበሰው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ያ ደን በብዙ ቦታ ተጨፈጨፈ። ያኔ ገበሬውን ወቅሰነዋል። እሱ ግን «ደኑ የመንግሥት እንጂ የኔ አይደለም» ብሎ ነው የቆረጠው። እኛ የቆረጥነው የገዛ አያቶቻችንን ዛፍ ነው!

ለምን? ለሰርቪስ ቤት። ኑሮው መክበዱን አውቃለሁ፤ ኪራይ ልጅ ያስተምራል፣ እናት ያሳክማል። ነገር ግን ዛፉን ነቅለን፣ ዳገቱን ቆርጠን፣ ግቢውን ከጥግ እስከ ጥግ ሲሚንቶ ስናለብሰው፣ የክረምቱ ውሃ የት ይግባ? ድሮ ቅጠሉ ግፊቱን ያበርደው፣ ሥሩ ይይዘው፣ አፈሩ ይጠጣው ነበር። አሁን ከቆርቆሮ ወደ ሲሚንቶ፣ ከሲሚንቶ ወደ ታች ቤት ነው። «ባሕር ዛፉ አለልን» የምትሉ ካላችሁ፣ ከሥሩ ያለውን መሬት ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ሣር የለውም፤ ዝናቡ ያለ ከልካይ ያጥበዋል።

ባለፈው ክረምት፣ በሐምሌ አንድ ሌሊት፣ ከቤቴ በላይ ያለ የድጋፍ ግንብ ተደረመሰ። ግንቡ የቆመው ትልቁ ወይራ በተቆረጠበት ቦታ ነበር። ውሃው ከታች አንዲት ባልቴት ቤት ገባ። ደርሰን በሩን ስንከፍት ረከቦቱ ተገልብጦ፣ ሰሌኑ በጭቃ ተለውሶ፣ እትዬ አልጋ ላይ ቆመው ጀበናቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። ከዚያ ሁሉ ንብረት ያዳኑት እሱን ብቻ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አካፋውን ይዞ ወጣ፤ እስኪነጋ ጭቃ ስንዝቅ አደርን። በማግስቱ ምግብ ያላመጣ ጎረቤት አልነበረም።

ግን ስለ ግንቡ ማን ተናገረ? ማንም። ሁላችንም ይሉኝታ ይዞን የቡና ስኒ ውስጥ አቀረቀርን፤ እኔም ጭምር። ባለግንቡም አብሮን ጭቃ ሲዝቅ ስላደረ ደግ ሰው ነው አልን። ደግነቱን አልክድም። እትዬ ግን ዘንድሮም የሚተኙት እዚያው ግንብ ሥር ነው።

ቅሬያችን፣ ማለትም ዕድራችን፣ ቀብር የቀረን ሰው ይቀጣል። ሬሳ ሲወጣ ድንኳን ተካይ፣ ጉድጓድ ቆፋሪ ይመድባል። ታዲያ ሰው ሳይሞት በፊት ለምን አይሰበሰብም? ዳገት ላይ የሚቆርጥ፣ ግንብ የሚያቆም፣ ውሃውን ወደ መንገድ የሚለቅ ሰው አስቀድሞ ከታች ቤቱ ጋር ይነጋገር ብሎ ቢወስን ምን ይጎድልበታል? ሁሉን ነገር ከማዘጋጃ ቤት አንጠብቅ። ማዘጋጃ ቤቱ የአያቶቻችንን ወይራ አልቆረጠም።

የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ ሰው «አይጠየፍ» ያለው ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም ገብቶ ስለሚበላበት ነው። በዚህ ስም ስንኮራ እንውላለን፤ ማታ ግን የግቢያችንን ጎርፍ በድሀዋ ጣሪያ ላይ እንለቃለን። ይህ መጠየፍ ካልሆነ ምንድን ነው?

ሰኔ ሳይገባ ቅሬው ሲሰበሰብ ጉዳዩን እኔ አነሳለሁ። አብራችሁኝ ተነሡ፤ እንደ አምናው አታቀርቅሩ። ከዚያ ከተቆረጠው ወይራ ጉቶ ጎን አንድ ቀንበጥ አቆጥቁጧል። ፍየል እንዳይበላው በእሾህ አጥሬዋለሁ። በዚያ የምታልፉ ሁሉ፣ እባካችሁ አጥሩን አትንቀሉት።