መብራቶቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም

ቀይ መብራት ሲያስቆመኝ አይከፋኝም፤ ተራዬ እንዳልደረሰ ይገባኛል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አረንጓዴ በርቶልን፣ ማርሽ ቀይረን ገና ፍጥነት ከመያዛችን ቀጣዩ መብራት ልክ ስንደርስ ቀይ ይሆናል። ከዚያ ተላቀቅን ስንል ሦስተኛው ይይዘናል። አንዱም አልተበላሸም፤ ግን አንዱ የሌላውን አያውቅም!

መላ ያልተገኘለት ችግር ቢሆን ዝም እል ነበር። በአሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ የስድስት መስቀለኛ መንገዶችን መብራት በአንድ መቆጣጠሪያ ያያያዙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 ነው። ሒሳቡም አያስቸግርም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና 400 ሜትር ለመጨረስ 29 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። የሁለቱ መብራቶች ዑደት፣ ማለትም ከአንዱ አረንጓዴ እስከ ቀጣዩ አረንጓዴ ያለው ጊዜ፣ እኩል ይሁንና ሁለተኛው 29 ሰከንድ ዘግይቶ አረንጓዴ ይሁን፤ ያን ጊዜ መኪናው ሳይቆም ያልፋል። አንዱ በ90፣ ሌላው በ100 ሰከንድ የሚዞር ከሆነ ግን በየዙሩ 10 ሰከንድ ይራራቃሉ፤ አንዴ ቢገጥሙ እንኳ በዕድል ነው። ቀጣዩ መብራት ላይ ቀድሞ የቆመ የመኪና ሰልፍ ካለ ደግሞ መብራቱ ቀደም ብሎ መከፈት አለበት፤ ከሰልፍ ለመውጣት እያንዳንዱ መኪና ሁለት ሰከንድ ገደማ ይፈልጋልና።

«ሁለቱንም አቅጣጫ እኩል ማቀናጀት ያስቸግራል» ይባላል። እውነት ነው። ግን ጠዋት ሕዝቡ የሚጎርፈው በአንድ በኩል፣ ማታ የሚመለሰው በሌላው በኩል ሆኖ ሳለ ለጠዋትና ለማታ የተለያየ ፕሮግራም መስጠት ምን ያቅታል?

ከፊቴ የነበረ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ከቆመበት ለመነሳት ሲያጓራ ጥቁር ጭሱ መንገድ ዳር የቆሙትን እግረኞች አለበሳቸው። ሴትዮዋ የልጇን አፍና አፍንጫ በነጠላዋ ሸፈነች። መኪናው መሄድ እንደ ጀመረ ቀጣዩ መብራት አስቆመው፤ ያው ጭስ እንደገና ተንቦለቦለ። ይህ ሁሉ ነዳጅ የሚነደው ለምንድን ነው?

ሰልፉ ሲረዝም ትራፊክ ፖሊስ ገብቶ በእጁ ያስተናግዳል። አልፈርድበትም፤ እያየ ዝም ሊል አይችልም። ነገር ግን አንዱን አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ ሲለቀው ቀጣዩ መንገድ ይሞላል፤ አረንጓዴ ቢበራም መሄጃ ይጠፋል፤ መስቀለኛው መሃል የቀረው መኪና ተሻጋሪውንም ያግዳል።

ተቀናጅተው የተተከሉ መብራቶችም ቢሆኑ የመቆጣጠሪያ ሳጥኖቻቸው ሰዓት በጥቂት ሰከንዶች ከተዛባ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ መብራት አይደለም። የነባሮቹን መብራቶች ሰዓት የሚያስተካክል፣ ሰልፉን መንገድ ላይ ቆሞ የሚለካ፣ ዑደቱንም በዚያው ልክ የሚቀይር ባለሙያ ይመደብልን!