ከነአባቷ ስም

ባለፈው ቅዳሜ ለንደን ውስጥ ዶሮ ወጥ ለመማር ገንዘባቸውን ከፍለው ከመጡ ፈረንጆች ጋር ሦስት ሰዓት ቆሜ ዋልኩ። አስተማሪዋ የአገራችን ልጅ ናት፤ ጥገኝነት ጠይቃ መልስ የምትጠብቅ። እዚህ ስደተኞች የአገራቸውን የቤት ምግብ የሚያስተምሩባቸው እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ፤ በፈረንጆቹ 2017 የተቋቋመው ሚግሬትፉል አንዱ ነው።

ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቆ ተከተፈና ዘይት ሳይነካው ድስት ውስጥ ገባ። አንድ ጎልማሳ ደብተሩን ዘርግቶ «ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አላት። ደቂቃ አልነገረችውም። «ጠጋ በልና ስማው» አለችው። ውሃ እያለው ይንጫጫል፤ ውሃውን ሲጨርስ ድምፁ ይሰክንና ከድስቱ ሥር መያዝ ይጀምራል። ዘይቱ የሚገባው ያኔ ነው፤ በርበሬው ከዚያ በኋላ። ሁሉም በየተራ ጎንበስ እያሉ ሽንኩርት አዳመጡ። ሰውየው ጻፈ።

እኛ ቤት ዘጠኝ ዓመት ወጥ የሠራችው እቴቴ ነበረች፤ ሠራተኛችን። ለአውዳመት አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥታ፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ አጥባ፣ ሽንኩርት ስታቁላላ ታመሻለች። እንግዳው በልቶ ሲጠግብ «እጅሽ ይባረክ፣ ባለሙያ ነሽ!» የሚለው እናቴን ነው። እቴቴ ማስታጠቢያውን ይዛ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። እናቴ «አሜን» ትላለች።

ይሄ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። እማዬ ክፉ ሰው ሆና አልነበረም፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር። ወጥ መሥራትን ሙያ ብለን የጠራን ሰዎች ነን፤ ግን ባለሙያ የምትባለው የቤቱ እመቤት ናት፣ ደመወዝ የምትቀበለዋ «ሠራተኛ» ብቻ ትባላለች። እኔም ስንት አውዳመት ከዚያ ድስት ስበላ አንድ ቀን እንኳ ኩሽና ገብቼ «እንዴት ነው የምትሠሪው?» አላልኳትም። ቤሩት ያሉ እህቶቻችንንም አስቡ፤ የሊባኖሱን ምግብ፣ ኪቤውንም ታቡሌውንም፣ ተምረው የሚሠሩት እነሱ፣ ስሙ የማዳም።

ለንደንን ላሞግስ ፈልጌ አይደለም። እዚህ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው መልስ እስኪያገኝ በአብዛኛው ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድለትም፤ ዓመት ሲሞላው ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፣ እሱም ለተወሰኑ ሥራዎች ነው። ያቺ ሴት የምታስተምረው ያለ ደመወዝ ነው። የምታድረው ምድጃ በሌለበት ሆቴል ነው፤ ምግቧ ታሽጎ ይመጣላታል። «ከሰባት ወር በኋላ ሽንኩርት ሳቁላላ ዛሬ ገና ነው» አለችኝ፣ መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ። ይሄም ያማል።

ግን ስሟ ከነአባቷ ስም ሰሌዳው ላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር። ከበሉ በኋላ በስሟ እየጠሩ አመሰገኗት፤ ሰውየው ስሟን በትክክል መጥራቱን ሁለት ጊዜ ጠየቃት።

ቤት ስገባ ለእማዬ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የእቴቴ አባት ስም ማን ነበር?»

ትንሽ ዝም አለች።

«እንጃ ልጄ። ከወሎ ነች ሲሉ ነው የሰማሁት።»