«ምን በድሎ ይሆን?»

ወዳጄ ኩላሊቱን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሊጠይቁት ከመጡት አንዷ በሩ ጋ ቆማ ለጓደኛዋ አንሾካሾከች። «ምን በድሎ ይሆን? የሰው ጡር እኮ ነው!» ክፉ ሴት አይደለችም። ብዙዎች ሲቀሩ እሷ መጥታ ጠይቃዋለች። ድምጿ ግን አልጋው ድረስ ተሰማ። ወዳጄ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁሉም ሲወጡ «ማንን በድዬ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። ተበድሮ ያልመለሰውን፣ በወጣትነቱ ቃል ገብቶላት የተዋትን ልጅ፣ ለዓመታት የተኳረፈውን ወንድሙን እያነሳ ሲጥል አደረ። ሐኪሙ እኮ ምክንያቱን ነግሮናል። ለዓመታት ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ነው። ግፊት የኩላሊትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ቀስ እያለ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ ምልክት እንኳ አያሳይም። ያን ቀን ጠያቂዎቹ ስለዚህ ቢያወሩ ኖሮ አንዳቸው እንኳ ሄደው ግፊታቸውን ይለኩ ነበር። የተወራው ግን ስለ ጡር ነው።

ጡር በሉት፣ ካርማ በሉት፣ «የእጁን አገኘ» በሉት፣ አንድ አይደሉም። ሰው ሲወድቅ ስናይ የምንጠቀምባቸው ግን ለአንድ ነገር ነው። ካርማ በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት «ሥራ»፣ «ድርጊት» ማለት ነው። በቡድሃ ትምህርት ደግሞ ዋናው ነገር ሐሳብ ነው፤ ሰው አስቦ የሚያደርገው። ሲቫካ የሚባል ተቅበዝባዥ መናኝ አንድ ቀን ቡድሃን ጠየቀው። የሚደርስብን ሁሉ የቀድሞ ሥራችን ውጤት ነው የሚሉ አሉ፣ አንተ ምን ትላለህ? ቡድሃ ልክ አይደሉም አለ። ሐሞትን፣ አክታን፣ ነፋስን፣ የወቅት መለዋወጥን እየጠራ ስምንት ምክንያት ዘረዘረ። የቀድሞ ሥራ ውጤት ከስምንቱ አንዱ ብቻ ነው። ካርማን ያስተማረው ሰው ራሱ ይህን ያህል ሲጠነቀቅ እኛ በአንድ ቃል ፈርደን እንወጣለን።

የኢዮብ ወዳጆችም እንዲሁ ነበሩ። መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንዳች ሳይናገሩ። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን በደሉን ይፈልጉበት ጀመር። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ሜልቪን ለርነርና ካሮሊን ሲሞንስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ሴት ተማሪዎች አንዲት ልጅ በተሳሳተች ቁጥር በኤሌክትሪክ ስትነዘር እንዲያዩ ተደረገ። ንዝረቱ የማስመሰል ነበር፣ ተመልካቾቹ ግን አላወቁም። ስቃይዋ እንደሚቀጥልና ምንም ሊያደርጉላት እንደማይችሉ የተነገራቸው ልጅቷን ዝቅ አድርገው ገመቷት። ሊረዷት የቻሉት ግን እንዲያ አላደረጉም። እኔ ይህን የማነበው እንደ ፍርሃት ነው። እሱ በድሎ ከሆነ የታመመው፣ እኔ ስላልበደልኩ አልታመምም። ያቺ ጠያቂም በሩ ጋ ሆና ራሷን እያጽናናች ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ታዲያ ካርማ ከሌለ ክፉውን ምን ያግደዋል?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ሥራ ዱካ እንደሚተው እኔም አምናለሁ። የሚዋሽ ሰው እውነት ሲናገርም አይታመንም። በጭካኔ የሚኖር ሰው አብሮት የሚስቅ እንጂ የሚያምነው የለውም። ግን ሂሳቡ ሁልጊዜ አይዘጋም። በሰካራም አባቱ የሚደበደብ የአምስት ዓመት ልጅ የማንን ዕዳ ነው የሚከፍለው? ባለፈው ሕይወቱ ያጠፋው ነው የሚለኝ ካለ፣ ይህን ለልጁ ፊት ለፊት ይንገረው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። በአንድ ወቅት የሥራ ባልደረባችን ባላጠፋው ጥፋት ተባረረ። እውነቱን የምናውቅ ስድስት ነበርን። አንድ በአንድ እየሄድን አጽናናነው። «ግድ የለም፣ ያደረገብህ ሰው የእጁን ያገኛል።» ምስክርነት የፈረመለት ግን አንድም አልነበረም። እኔም አልፈረምኩም። ያን ያደረገው ሰው በዓመቱ ሹመት አገኘ። የእጁን እንዲያገኝ እጃችንን ማንሳት የነበረብን እኛ ነበርን።

የተበደለ ሰው አቅም አጥቶ «እግዜር ይፍረድ» ሲል አልከራከረውም። ሌላ ምን በእጁ አለ? አቅም ያለን ሰዎች ያንኑ ስንል ግን ያመኛል።

ወዳጄ ያን ሌሊት እያነሳ ሲጥል አድሮ ሲነጋጋ ለወንድሙ ደወለ። «አጥፍቻለሁ» አለው። ወንድሙ በማግስቱ መጣ። ኩላሊቱ አልዳነም። አሁንም በሳምንት 3 ቀን ለእጥበት ይሄዳል። ወንድሙ አጠገቡ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ብዙም አያወሩም።