ሚያዝያ 27ን ግማሿን ብቻ አታክብሯት

ወገኖቼ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ ቅር አይበላችሁ። የአርበኞች የድል በዓል ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር ጠዋት ባንዲራና የአርበኛ ፎቶ ትለጥፋላችሁ፣ ከሰዓት ደሞ እዛው ፌስቡክ ላይ «አርበኛ የኛ፣ ባንዳ የናንተ» እየተባባላችሁ ትሰዳደባላችሁ። ለመሆኑ ቀኗን ታውቋታላችሁ?

ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ግን ከዛ ልክ አምስት ዓመት በፊት በ1928 በዚችው ቀን የጣልያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ካሚዮኖቹን አሰልፎ ከተማዋ ገብቷል። እና ሲገባ ምን አገኘ መሰላችሁ፣ የተቃጠለ ከተማ! ያቃጠልናት ደሞ እኛው ነን። ንጉሡ ሚያዝያ 24 በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ ጠላት ገና ሳይደርስ ሱቅ ተሰበረ፣ ቤተ መንግሥት ተዘረፈ፣ የአንድ አገር ሰው እርስ በርሱ ተታኮሰ። ይሄን ሳስብ ነው አንጀቴ የሚቃጠለው፣ ምክንያቱም ዛሬም ትንሽ ክፍተት ስናገኝ እጃችን የሚሄደው ወደ ጎረቤታችን ቤት ነው።

ደርግ ቀኗን ወደ መጋቢት 28 አዙሯት ነበር፣ በኋላ ተመለሰች። እሱስ አለፈ፣ የናንተ ይብሳል፣ ቀኗን በብሄር እየቆረሳችሁ ልትከፋፈሏት ነው።

እስቲ ንገሩኝ፣ አበበ አረጋይ ሸዋ ላይ፣ በላይ ዘለቀ ጎጃም ላይ፣ ገረሱ ዱኪ፣ ገና በልጅነቱ ጫካ የገባው ጃገማ ኬሎ፣ ጣልያን አገር ድረስ ተወስዳ የታሰረችው ሸዋረገድ ገድሌ፣ እነዚህ አንድ ቋንቋ ስለሚናገሩ ነው እንዴ አንድ ጠላት የተዋጉት? ደሞ ጃንሆይ ሲገቡ ሕዝቡን ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ለምነዋል፣ ያውም የካቲት 12 ጣልያን ወገኑን የጨፈጨፈበት ሰው ሐዘኑ ሳይወጣለት! ለጣልያን ምሕረት አድርጉ የተባለ ሕዝብ ልጆች ሆናችሁ አንድ ኮሜንት ይቅር መባባል አቃታችሁ?

አምና በዓሉ ላይ አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ ጎፈር ደፍተው የአባታቸውን ሜዳልያ ደረታቸው ላይ ደርድረው ፀሐይ ላይ ቆመዋል፣ አንዱ ወጣት ስልኩን ዘርግቶ ሴልፊ ሊነሳ ሲል «አባባ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፣ ፎቶዬ ውስጥ ገቡ» አላቸው። ምንም ሳይሉ ዞር አሉለት። ዘንድሮ የምትመጡ ካላችሁ እባካችሁ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ መጀመሪያ ጠጋ በሏቸው፣ ሜዳልያው የማን እንደሆነና የት ተዋግቶ እንዳገኘው ጠይቋቸው።